መድፉ የዋጠው መንደር

ጋፋት ሲባል አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ ሴባስቶፖልን። መቅደላ ላይ የቀረው ዋናው መድፍ፣ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው፣ በክፍል ውስጥ የተነበበው ታሪክ፣ በመድረክ የታየው ተውኔት፣ ሁሉም ጋፋትን የሚያነሡት ሰባት ቶን ገደማ በሚመዝነው በዚያ መድፍ በኩል ነው። ኋላም የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በጋፋት ስም ሲጠራ የቦታው ትርጉም ይበልጥ ጠበበ።

ይሁንና ጋፋት ከመድፉ በፊት መንደር ነበር። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ባለ ጉብታ ላይ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪ የእጅ ባለሙያዎች ቤት ሠርተው፣ አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ሕፃናት አስተምረው፣ ምድጃና ወናፍ ተክለው ለዓመታት ኖረውበታል። ሠፈሩ በ1867 ተበተነ (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ መንደር ከተጻፈው ውስጥ ብዙ አንባቢ ያገኘው በጎንደር ወይም በደብረ ታቦር የተጻፈው አይደለም፤ በለንደን የታተመው ነው። ስለዚህ ጋፋትን ማንበብ በአመዛኙ የለንደንን መደርደሪያ ማንበብ ነው። ያ መደርደሪያ ምን እንዳየ፣ ምን ማየት እንዳልቻለ፣ የአማርኛው ድርሰትስ የተረፈውን አየው ወይ የሚለው ጥያቄ እስካሁን በቂ መልስ አላገኘም።

ማን መሠረተው?

የጋፋት ታሪክ ከጋፋት ሩቅ ይጀምራል። በ1846 የኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የሆነው ስዊዘርላንዳዊው ሳሙኤል ጎባት በ1830ዎቹ ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን በነበረው የቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ ተልኮ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ ሰው ነበር። በኋላ የያዘው ሐሳብ የተማሩ ቄሶችን ሳይሆን በገዛ እጃቸው ሙያ የሚኖሩ ወጣቶችን መላክ ነው። ሰዎቹ የተገኙት ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅድስት ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። በ1855 ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ዮሐንስ ማርቲን ፍላድ ሁኔታውን ሊያጠኑ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ዓመቱ ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት ነው። ከዚያ በኋላ ፍላድ ራሱ፣ ማየር፣ ቤንደርና ኪንዝለን፣ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ዋልድማየርና ዛልሙለር ገቡ። በዙሪያቸው ሌሎችም ነበሩ፤ በፖላንድ የተወለደው ሞሪትዝ ሃል፣ ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ፣ ከአንሃልት የመጣውና ከሚሲዮናውያኑ አስቀድሞ አገር የገባው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር።

እነዚህን ሰዎች በጅምላ «ጀርመኖች» ማለት ልማድ ሆኗል። በዘመኑ ግን ጀርመን የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም፤ የተመሠረተው በ1871፣ መቅደላ ከወደቀች ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ፍላድ የቩርተምበርግ ሰው ነው፤ ዋልድማየር ስዊዘርላንዳዊ። አንድ ያደረጋቸው ቋንቋቸው፣ ትምህርት ቤታቸውና ሙያቸው ነው።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በደቡብ ቺሌ፣ በያንኪዌ ሐይቅ ዳር፣ ሌሎች ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ከተማ ይመሠርቱ ነበር። ፑዌርቶ ቫራስ በ1854፣ ፍሩቲያር በ1856 ተቆረቆሩ። የቺሌ መንግሥት ሠፋሪዎቹን የጠራቸው መሬት እንዲያለሙለት ነበር። ዛሬ ፍሩቲያር ውስጥ የጀርመን ሠፋሪዎች ሙዚየም አለ፤ የነባሩ የዊሊቼ ሕዝብ ታሪክ ግን ከዚያ የምሥረታ ትረካ ጠርዝ ላይ ይቀራል። የጋፋት ነገር ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎቹን የፈለጉት እጃቸው ያለውን ሙያ ፈልገው ነው፤ መሬት አቅኑልኝ ብለው አልነበረም። ሰዎቹ ደግሞ የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ሊሰጡ ነው። ንጉሡ የእጅ ሥራ ሲጠብቁ እነሱ ስብከትን ያስቡ ነበር። ጋፋት የቆመው በዚህ አለመግባባት ላይ ነው።

ስለዚህ «ጋፋትን ጀርመኖች መሠረቱት» የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ቦታውን የሰጡት ንጉሡ ናቸው። ስሙም ከሰዎቹ በፊት የነበረ ነው፤ በዐባይ ዳር በጎጃም ይኖር የነበረ ሕዝብና አንድ የሴም ቋንቋ በዚሁ ስም ይጠራሉ። ቋንቋው ጠፍቷል፤ ቮልፍ ሌስላው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ተናጋሪዎች አግኝቶ የመዘገበው በ1940ዎቹ ነው። መንደሩም ቋንቋውም በአንድ ስም ተጠርተው ሁለቱም በሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ መገኘታቸው ልብ ይባላል።

የምርኮ መጽሐፍ

የለንደኑ መደርደሪያ የሚከፈተው በሄንሪ ስተርን ነው። ስተርን በጀርመን የተወለደ፣ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የተመለሰ፣ በለንደን በአይሁድ መካከል ክርስትናን ለማስፋፋት የተቋቋመው ማኅበር መልእክተኛ ነበር። በ1862 ለንደን ላይ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ በዘመኑ አጠራር «ፈላሻ» ስላላቸው ስለ ቤተ እስራኤል እየተረከ፣ የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለውን ወሬ ጨመረበት። ለለንደን አንባቢ ይህ ከችጋር ተነሥቶ ዙፋን የደረሰ ሰው ታሪክ ማጣፈጫ ነው። ለቴዎድሮስ ግን ባላንጣዎቻቸው የሚያናፍሱት ስድብ ነበር። ስተርን በ1863 መገባደጃ ተያዘ፤ ጽሑፎቹ ተተርጉመው በችሎት ተነበቡ። በለንደን ለለንደን ሰው የተጻፈ አንድ አንቀጽ በኢትዮጵያ ንጉሥ ፊት ክስ ሆኖ ቀረበ።

ይህ ክስተት ብዙ ጊዜ የሚተረከው የንጉሡን ቁጣ ለማሳየት ነው። ከሥነ ጽሑፍ አንጻር የሚታየው ግን ሌላ ነው፤ ስተርን የጻፈለት ሰው አንድ ብቻ እንደሆነ አስቦ ነበር። የተጻፈባቸው ሰዎች አንባቢ ይሆናሉ ብሎ አላሰበም። የለንደኑ መደርደሪያ ሙሉ በሙሉ የተሠራው በዚህ እሳቤ ነው።

ከመቅደላ በኋላ መጻሕፍቱ ተከታትለው ወጡ። ዶክተር ሄንሪ ብላንክ የምርኮ ትረካውን በ1868 አሳተመ፤ ስተርን ስለ እስራቱ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ፤ የሞሱል ተወላጁ ሆርሙዝድ ራሳም የልዑክነቱን ታሪክ በ1869 በሁለት ቅጽ አወጣ። እነዚህ መጻሕፍት አንድ ቅርጽ አላቸው፤ መንገድ፣ አቀባበል፣ ጥርጣሬ፣ ሰንሰለት፣ ጥበቃ፣ ነጻ መውጣት። አንባቢው መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቀዋል። የእንግሊዝ ጦር እንደሚመጣ፣ አምባው እንደሚሰበር፣ ተራኪው በሕይወት ተርፎ ለንደን ላይ ብዕር እንደሚያነሣ የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ መጽሐፍ ውስጥ ማንኛውም ቦታ ወደ መቅደላ የሚወስድ ማረፊያ ብቻ ይሆናል። ጋፋትም እንዲሁ ሆነ። ራሳምና ብላንክ በ1866 ኮሌራ ጣና ዳር ወዳለችው ቆራጣ ሲደርስ ወደ ጋፋት ተወስደው ነበር፤ ነገር ግን ትረካቸው የሚጣደፈው ወደ አምባው ነውና መንደሩን በመንገደኛ ዐይን አይተው ያልፋሉ።

የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሌላም ችግር አለበት። ሰዎችን የሚያውቀው በሁለት መደብ ነው፤ እስረኛና አሳሪ። የጋፋት ሰዎች ግን ለብዙ ዓመታት ሁለቱንም አልነበሩም። ንጉሡ በቅሎ፣ ልብስና ገንዘብ ይሰጧቸው ነበር፤ ይጠይቋቸው ነበር፤ ይቆጧቸውም ነበር። በፈቃዳቸው ቆይተዋል፤ በፈቃዳቸው መውጣትም አይችሉም። የምርኮ መጽሐፍ እንዲህ ላለው ሕይወት ቦታ ስለሌለው አንድም አጠራጣሪ አድርባዮች፣ አንድም የተቸገሩ መንፈሳውያን አድርጎ ይስላቸዋል። እንደ ገጸ ባሕርይ ከሁለቱ የተሻለ ሰው የሚያደርጋቸው ብዕር ከራሳቸው መሐል መውጣት ነበረበት።

የዋልድማየር ብዕር

ከመሐላቸው የወጣው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነው። ታሪኩን ሁለት ጊዜ ጻፈው። መጀመሪያ በጀርመንኛ፣ በ1869 ባዝል ላይ፤ ከዚያ በግለ ታሪክ መልክ በእንግሊዝኛ፣ በ1886 ለንደን ላይ። በሁለቱ መካከል 17 ዓመት አለ፤ በሁለቱ መካከል ሌላ ሰውም አለ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያውን የጻፈው ከእሳት የወጣ ወጣት ነው። ሁለተኛውን የጻፈው ሊባኖስ ውስጥ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት የመሠረተ፣ የኩዌከሮችን ማኅበር የተቀላቀለ ጎልማሳ ነው። ኩዌከሮች ጦርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ናቸው። ስለዚህ የለንደኑ መጽሐፍ አንድ ከባድ ሥራ ነበረበት፤ መድፍ የሠራ ሰው ለጦርነት ተቃዋሚዎች ታሪኩን መንገር።

ይህን ሥራ እንዴት እንደተወጣው ማየት የመጽሐፉን ብርታትም ድካምም ያሳያል። በዋልድማየር ትረካ መድፍ የመሥራቱ ሐሳብ የንጉሡ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ አናውቅም አሉ፤ ንጉሡ ግድ አሉ፤ አገልጋዮቻቸው ታሰሩ፤ ሞከሩ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ በኋላ ግን ተሳካ። ነገሩ በዚህ ቅደም ተከተል ሲነገር ኃላፊነቱ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። አገላለጹ ሐሰት ነው ለማለት አያስደፍርም፤ ንጉሡን እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል ሁሉም ያውቅ ነበር። ነገር ግን ጥንቁቅ አንባቢ አንድ ነገር አያልፈውም። ሙከራው ከሽፎ ቀጥሎ ሲሳካ በአረፍተ ነገሩ ውስጥ ደስታ አለ። ዋልድማየር ሊደብቀው የማይችለው የባለሙያ ደስታ ነው። ኩዌከሩ ይጸጸታል፤ ባለ እጁ ግን ሥራው ስለያዘለት ይኮራል። መጽሐፉ በጣም እውነተኛ የሚሆነው እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ ሲጣሉ ነው። ንጉሡን ሲያነሣም እንዲሁ ነው፤ ደግነታቸውንና ጭካኔያቸውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ አንዱን ለሌላው ሲል አይሰርዝም። በዚህ ረገድ ከምርኮ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ይሻላል።

ድካሙ የሚታየው ቤት ውስጥ ሲገባ ነው። ዋልድማየር ያገባው ሱዛን ቤልን ነው። አባቷ የቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤል፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ዛልሙለርም የቤልን ልጅ አገባ። ሞሪትዝ ሃል ያገባት ካታሪና ደግሞ የሠዓሊው የዛንደርና የኢትዮጵያዊት ሚስቱ ልጅ ናት። እንግዲህ የጋፋት እመቤቶች ግማሽ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ጎጆው ውስጥ የሚበላው፣ ለልጅ የሚዘመረው፣ ከጎረቤት ጋር የሚነገረው በምን ቋንቋ እንደነበር መገመት ከባድ አይደለም። መንደር የሚባለው ነገር የሚቆመው በእነዚህ ሴቶች ትከሻ ላይ ነው። በመጽሐፉ ግን ሚስት የምትገባው እንደ ታማኝ አጋር ነው፤ የራሷ አንደበት የላትም። ሱዛን ቤል ስለ ጋፋት ብትጽፍ ኖሮ ምን ትል ነበር የሚለው ጥያቄ የመጽሐፉን ጎዶሎ በደንብ ያሳያል።

በስም ያልተጠሩት ደግሞ ከዚያ የበዙ ናቸው። ወናፍ የሚያናፉት፣ ከሰል የሚያከስሉት፣ ድንጋይ የሚፈልጡት፣ ሙያውን እንዲለምዱ በንጉሡ ትእዛዝ የተሰጡት ወጣቶች፣ ከ1867 መገባደጃ ጀምሮ መንገድ እየጠረጉ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ የጎተቱት ሺህዎች በጥቅል ስም ብቻ ይታወቃሉ፤ «ሰዎቹ»፣ «ወታደሮቹ»፣ «አገልጋዮቻችን»። መድፉ ስም አለው፤ የጎተተው ሰው ስም የለውም።

ጥበብና ጠይብ

የለንደን መጻሕፍት ሁሉ በአንድነት ያላዩት አንድ ነገር አለ፤ ያላዩትም ቃሉ ስለሌላቸው ነው። ቃሉ «ጠይብ» ነው።

በአማርኛ «ጥበብ» የከበረ ቃል ነው፤ «ጠቢብ»ም እንዲሁ። ከዚያው ሥር የወጣው «ጠይብ» ግን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን የሚያሸማቅቅ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ባለ እጅ ቡዳ ነው፣ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ይፈራል፤ ማረሻውን የሚገዛው ገበሬ ልጁን አይድርለትም። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤል በአንጥረኛነት፣ በግንበኝነትና በሸክላ ሥራ እየኖሩ ይህን ስድብ ለትውልዶች ተሸክመዋል። አንድ ሥር ሁለት ቃል ወለደ፤ አንዱ ለመጽሐፍ ሰው፣ አንዱ ለእሳት ሰው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብዳቤዎቻቸው ደጋግመው የሚጠይቁት ጥበብን ነው፤ ጥበብ የሚሉትም ምድጃ ፊት የሚሠራውን ነው። የደብዳቤዎቹ የአማርኛ ቅጂዎች ከለንደን ቤተ መዛግብት ወጥተው በግርማ ሥላሴ አስፋው፣ በዴቪድ አፕልያርድና በኤድዋርድ ኡለንዶርፍ አዘጋጅነት በ1979 ታትመዋል። አንባቢ በዚያ ዐይን ቢያነባቸው ንጉሡ ከመሣሪያ በላይ የሆነ ነገር እየጠየቁ እንደሆነ ያስተውላል። ቃሉን ወደ ሥሩ እየመለሱት ነው። ጋፋት ድረስ ወርደው ሥራውን የሚመለከቱ፣ ለቀጥቃጭ በወርቅና በብር ያጌጠ የበቅሎ ዕቃ የሚሸልሙ፣ ኋላም በመንገድ ሥራው ላይ ራሳቸው ድንጋይ የሚያነሡ ንጉሥ ባለ እጅን በሚጸየፍ አገር መሐል ምን እያደረጉ እንደነበር ከለንደን ሆኖ ማየት አይቻልም። ለብላንክ ይህ የንጉሥ እብደት ወይም እልህ ነው። ለዋልድማየር ደግነት ነው። ለአማርኛ አንባቢ ግን የማኅበራዊ ሥርዐት መናጋት ነው።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ይነሣል። ክብሩ የተሰጠው ለነጭ ባለ እጅ ነው። በጉብታው ላይ ያለው አንጥረኛ የንጉሥ ወዳጅ ሲባል፣ በቆላው መንደር ያለው አንጥረኛ ቡዳ መባሉ አልቀረም። ጋፋት «ጠይብ»ን ወደ «ጥበብ» መልሶ ቢሆን ኖሮ መዘዙ ከመድፉ ይልቅ ሩቅ በሄደ ነበር። አልመለሰም፤ ወይም ጊዜ አላገኘም። ባለ ሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክለው የዐፄ ምኒልክ ዐዋጅ የወጣው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከመቅደላ 40 ዓመት በኋላ። ዐዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ስድቡ እንዳልሞተ ይመሰክራል።

አማርኛው ምን አደረገ?

ለንደን ቃሉ ከሌላት ቃሉ ያላቸው ደራሲዎች ምን አደረጉ? የመጀመሪያው መልስ አለቃ ዘነብ ናቸው። ከሚሲዮናውያኑ ጋር ቅርበት የነበራቸው እኒህ ሊቅ የጻፉት የቴዎድሮስ ዜና መዋዕል በበርሊን ተቀምጦ ኖሮ በኤኖ ሊትማን አዘጋጅነት በ1902 ታተመ። አጭር፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ለሰው ንግግር ጆሮ ያለው አማርኛ ነው። ጋፋትን ለመጻፍ ከዘነብ የተሻለ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ዜና መዋዕሉ ግን የንጉሡን ዘመን ሳይፈጽም መሐል መንገድ ላይ ያቆማል። የጋፋት የብርቱ ሥራ ዓመታት ከዚያ ወዲያ ናቸው።

ቀጥሎ የመጡት ከመቶ ዓመት በኋላ የጻፉት ናቸው። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ»፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ንጉሡን ከሽፍታ ተራ አውጥተው ለዘመናዊው ኢትዮጵያዊ አባት አድርገው ሰጡት። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ዋጋውም አይቀነስም። ግን በእነዚህ ድርሰቶች መሐል ላይ የቆመው ንጉሡ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ዙሪያ ይዞራል። ጀግናው መሐል ሲቆም መንደር ዳር ይወጣል። በዚህ አጻጻፍ ሴባስቶፖል የሕልሙ ምልክት ነው፤ ምልክት ደግሞ ሠሪ አያስፈልገውም። ሕልሙ ከንጉሡ ራስ በቀጥታ ወደ መድፍ ይለወጣል፤ በመሐል ያለው ከሰል፣ ጭስ፣ ላብ፣ የከሸፈ ሙከራ ይዘለላል።

ሁለቱ መደርደሪያዎች ሳይነጋገሩ የደረሱበት ቦታ አንድ መሆኑ ይገርማል። ለንደን ምርኮኛን ስታከብር፣ አዲስ አበባ ጀግናን ስታከብር፣ ሁለቱም የዘለሉት ሠራተኛውን ነው። የኋለኞቹ የእንግሊዝኛ ሥራዎችም ከዚህ ብዙ አልራቁም። አለን ሙርሄድ በ1962 «ሰማያዊው ዐባይ» ብሎ በሰየመው ዝነኛ መጽሐፉ የመቅደላን ዘመቻ እንደ ጀብዱ ይተርካል። የጆርጅ ማክዶናልድ ፍሬዘር የ2005 ልቦለድ ፍላሽማን የተባለውን ጋጠ ወጥ ጀግናውን ወደዚያው ዘመቻ ይልካል። ፊሊፕ ማርስደን በ2007 በ«ባዶ እግሩ ንጉሥ» መጽሐፉ ከሁሉም ይበልጥ ለንጉሡና ለአገሩ ይራራል፤ የእሱም ትረካ ቢሆን በለንደን መደርደሪያ ላይ ቆሞ የሚተርክ ነው። የተጻፈለት ለማን እንደሆነ ከተጻፈው ይታወቃል።

የተበተኑት

በ1867 ንጉሡ በጋፋት ሰዎች ላይ እምነት አጡ፤ ንብረታቸው ተወስዶ ወደ ደብረ ታቦር ተዛወሩ፤ ከዚያ የመቅደላ መንገድ ሆነ። መድፉ አምባው ላይ ወጣ፤ ሚያዝያ 1868 በአሮጌ በተደረገው ውጊያ ግን ለውጥ አላመጣም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሰዉ። የጋፋት ቤተሰቦች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ።

ከዚያ በፊት ለጋፋት ሌላ ዕድል ተከፍቶላት ነበር። በ1866 ንጉሡ ፍላድን ወደ ለንደን ላኩት፤ ሚስቱና ልጆቹ እንደ መያዣ ቀሩ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ባለሙያ ላኩልኝ። የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞችና መሣሪያዎች አዘጋጅቶ እስከ ምጽዋ ላከ፤ እስረኞቹ ካልተፈቱ አይገቡም አለ። ንጉሡ ካልገቡ አልፈታም አሉ። ባለሙያዎቹ ባሕር ዳር ተቀምጠው ተመለሱ። ሁለተኛ ጋፋት በምጽዋ ወደብ ላይ ሳይወለድ ቀረ። የለንደን መጻሕፍት ይህን እንደ ዲፕሎማሲ ስንክሳር ያልፉታል፤ ለልቦለድ ደራሲ ግን ከመቅደላ ውጊያ የማይተናነስ ድራማ አለው።

የተበተኑት ሰዎች ታሪክ ዞሮ ለንደን መግባቱም አልቀረም። ሞሪትዝ ሃልና ካታሪና ያፋ ውስጥ በጀርመኖች ሠፈር ተቀመጡ። ልጃቸው ማግዳሌና ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭን አገባች፤ የእነሱ ልጅ ዮና ለንደን ላይ ጋዜጠኛ ሆነ፤ የእሱ ልጅ ደግሞ በ1921 ለንደን ውስጥ ተወለደ፤ ተዋናዩና ደራሲው ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ስሟ መቅደላን የሚያስታውስ ሴት የልጅ ልጅ የሆነው ይህ ሰው ሁለት ኦስካር አግኝቷል፤ ስለ ኢትዮጵያዊ ዘሩም ተናግሯል። የጋፋት ወናፍ ጭስ በአንድ ቤተሰብ ታሪክ ተሸጋግሮ ለንደን መድረክ ላይ ወጣ፤ ለንደን ግን ከየት እንደመጣ ብዙም አልጠየቀችም።

ዛሬ ለንደን ውስጥ ስለ መቅደላ የሚነሣው ክርክር ስለ ዕቃ ነው፤ ስለ ብራናዎቹ፣ ስለ ታቦቶቹ፣ ስለ ዘውዱ። በ2018 የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም 150ኛውን ዓመት ምክንያት አድርጎ የመቅደላን ዕቃዎች አሳየ፤ በ2019 የብሔራዊ ጦር ሙዚየም የንጉሡን ጸጉር መለሰ። የብሪቲሽ ላይብረሪ ብራናዎች ጉዳይ እንደቀጠለ ነው። ክርክሩ ትክክል ነው፤ ይገባልም። ነገር ግን ዕቃ ሲመለስ ትረካው ባለበት ከቀረ የተመለሰው ግማሹ ነው። ጋፋት በምርኮኛ መጽሐፍ ውስጥ ማረፊያ፣ በጀግና መጽሐፍ ውስጥ ምልክት ሆና እስከቆየች ድረስ፣ መንደሪቱ አሁንም ከመቅደላ ጋር ተዘርፋ እንደሄደች ናት።

ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ምስክር ፍለጋ ብቻ አይደለም። ያሉት መጻሕፍት በሌላ ዐይን ቢነበቡ ብዙ ይሰጣሉ። ዋልድማየር «አገልጋዮቻችን» ያለበት ቦታ ሁሉ ሰው አለ። ስተርን ስለ ቤተ እስራኤል በጻፈበት ገጽ ሁሉ አንጥረኛ አለ። ራሳም በበቅሎ ባለፈበት መንገድ ድንጋይ የፈለጠ እጅ አለ። የሚቀጥለው የጋፋት ደራሲ፣ ደብረ ታቦር ይጻፍ ለንደን፣ ታሪኩን ከመድፉ ሳይሆን ከወናፉ ቢጀምር፣ ከንጉሡ ሕልም ሳይሆን «ጠይብ» ተብሎ ከተሰደበ አንድ ልጅ ቢጀምር፣ ሁለቱ መደርደሪያዎች የዘለሉትን ያነሣል። ቃሉ በእጁ አለ፤ ለንደን ያልነበራት እሱ ነው።